ሰንበት ቀን ያልተጻፉ ስሞች

ቂርያት ማላኪ፣ እሁድ ማርች 5 ቀን 2023

ለልጄ ለወርቅነህ
ያቭነ

እንዴት ከርመሃል? ከጉልበቴ በስተቀር እኛ ደኅና ነን። ባለቤቴ ታንጉት ሰላም ብላሃለች፤ ለበዓል የላክኸው ማር ደርሷታል።

በስልክ እንጨርሰው ማለትህን ሰምቻለሁ። በስልክ የተባለ ነገር ግን በማግሥቱ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። ቢሮህ ያለችው ካሪንም አማርኛ ስለማታነብ ፖስታው ሳይከፈት እጅህ ይገባል።

የጠየቅኸኝን በቅደም ተከተል ልመልስ። እኛን ሽማግሌዎቹን ማንም አልላከንም፤ ልናነጋግርህ ራሳችን ነን የተነሣነው። ክለባችንን ሻሃርን ከቂርያት ማላኪ አንሥተህ ያቭነ ልታጫውተው ነው የሚለውን ወሬ መጀመሪያ የነገረችኝ የምሥራች ናት። ታውቃታለህ፤ ከሚፍዓሉ፣ ከፋብሪካው፣ ወጥታ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ትሪቡን የምትመጣው። «መምህር፣ የእርስዎ ተማሪ ቡድናችንን እንደ ዕቃ በአውቶቡሱ ጭኖ ሊሄድ ነው» አለችኝ። «ከራሱ ሳልሰማ አላምንም» አልኳት። «እንግዲያው ቶሎ ይስሙ» ብላኝ ሄደች።

ቶሎ መስማት ያለብኝ ለምን እንደሆነ አንተ አታጣውም። ከስምንት ዓመት በፊት ክለቡ ሊዘጋ ሲል፣ አንተ ልግዛው ስትል፣ ሰዉ አላመነህም ነበር። የሠራተኛ ማመላለሻ አውቶቡስ ያለው ሰው ኳስ ምን ያደርግለታል አሉ። ተነሥቼ «ወገራ ላይ ሦስተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ ክለቡን ከከተማው አያወጣውም፤ ዋሱ እኔ ነኝ» አልኩ። በእኛ ዘንድ ዋስ የጠፋውን ሰው አስሶ ያመጣል፤ ካጣው ራሱ በቦታው ይቆማል።

ስለ ስም መጥሪያው መዝገብ፦ አዎ፣ አሁንም እይዛለሁ። አረንጓዴው ደብተር ነው፤ ስድሳ ሦስት የደጋፊ ስም አለበት። አንደኛ ላይ ያለው የአንተ ስም ነው፤ በመጀመሪያው ዓርብ በዝናብ ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ አንተም ያኔ የሰው አውቶቡስ ነጂ ነበርክ። ሁለተኛው እኔ ነኝ። ጨዋታው ዓርብ በነበረበት ጊዜ ፉጨቱ ከመነፋቱ በፊት ስም እጠራለሁ፣ ትልልቆቹ «አለሁ» ይላሉ፣ ልጆቹ በዕብራይስጥ «ካን» ይላሉ፣ እኔም ምልክት አደርጋለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ወደ ሰንበት ስለዞረ ግን በእግራችን እየመጣን ስም እጠራለሁ እንጂ አልጽፍም። በሰንበት እንደማልጽፍ ታውቃለህ። በኋላም ከትዝታ አልሞላውም፤ መዝገብ ሰውን ዓይን እያየ የሚጻፍ ነው። የሰንበቶቹ ዓምዶች ባዶ ናቸው።

ገዴራ እናትህ ቤት እንገናኝ ማለትህ ደግ ነው። ለአንተም ለእኛም መካከል ነው። ሐሙስ ማርች 16 በአሥራ አንድ ሰዓት ሦስት ሆነን እንመጣለን። ደብተሩን ይዤ እመጣለሁ።

መምህርህ ይርሳው


ያቭነ፣ ማርች 20 ቀን 2023

የተከበሩ መምህር ይርሳው፣

ጤና ይስጥልኝ። አማርኛዬ ዝጓል፤ የተሳሳትኩትን ቢያሰምሩበትም ቤሰደር፣ ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ።

ሐሙስ ዕለት ስላስቆምኳችሁ ይቅርታ። ሦስታችሁ በሩ ላይ ቆማችሁ «ቃል ካልሰጠኸን አንቀመጥም» ስትሉ እንደ ልጅ ወደ እናቴ ዞርኩ። እናቴ ምን እንዳለችኝ ሰምተዋል፤ «ሽማግሌ አቁሞ የሚያስብ ልጅ አልወለድኩም» ነው ያለችው። ከዚያ በኋላ «ቁጭ በሉ፣ ያለ እናንተ የማደርገው የለም» ያልኩት ከልቤ ነው። ስትቀመጡ እናቴ ፊቷ ሲበራ አይተዋል።

ደብተሩን ስላመኑኝ አመሰግናለሁ። መግቢያው ነጻ ስለሆነ ከእርስዎ ሌላ የሰው ቁጥር የያዘ የለም። ለኢሪያው፣ ለማዘጋጃ ቤቱ፣ አሳይቼ አጥሩንና መብራቱን እንዲሠሩልን እጠይቅበታለሁ። መቼ ይመለሳል ላሉኝ፣ ከፋሲካ በኋላ።

ስለ ያቭነው ሜዳ የጠየቁኝን ዛሬ አልመልስም፤ ገና ያልበሰለ ነገር ነው። ግን አንድ ነገር ይወቁልኝ። ኢሪያው ዘንድ አምስት ጊዜ ሄጃለሁ። አምስት ጊዜ «እናያለን» ተብያለሁ። ባለፈው ወር አጥሩ በተጫዋች ላይ ሲወድቅ ሆስፒታል የወሰድኩት እኔ ነኝ። በማግሥቱ ትሪቡኑ ስሜን እየጠራ ሲዘፍንብኝ እናቴ በስልኳ አየችው። «ይኼ አንተን ነው የሚሉት?» አለችኝ። ሌላ ወርቅነህ ነው አልኳት።

ለወይዘሮ ታንጉት ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ልጅዎ ወርቅነህ


ቂርያት ማላኪ፣ እሁድ ሜይ 7 ቀን 2023

ለልጄ ለወርቅነህ

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ፋሲካ ካለፈ ወር ሊሞላ ነው፤ ደብተሩ አልተመለሰም። አላስቸኩልህም፣ ግን እንዳልረሳሁት እወቅ።

ስለ መጨረሻው ጨዋታ ለጠየቅኸኝ፣ አንድ ለአንድ ወጣን። ደኅና ጨዋታ ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ ሰዉ ዘፈኑን ሊጀምርብህ ሲል ተነሥቼ እጄን አነሣሁ፣ ተዉት። የምሥራች «ለመምህር ስንል ነው እንጂ ለእሱስ ሌላ ግጥም ነበረን» አለች። እኔ ተቀምጬ ሳለሁ እንደማይዘፍኑ ነግረውኛል።

በሰንበት ጨዋታዎች በአማካይ ስንት ሰው እንደሚመጣ እንድጽፍልህ ጠይቀኸኛል። ይህን ያህል ብዬ መናገር እችላለሁ፣ ግን አልናገርም። የሰንበቱን ጽፌ የያዝኩት የለም። ያልጻፍኩትን ቁጥር አልሰጥም፤ ግምት ምስክር አይሆንም። ይህን ሦስተኛ ክፍልም ነግሬህ ነበር፤ በጎቹን ሳትቆጥር «ብዙ» ብለህ የጻፍክ ጊዜ።

ጥያቄው ለምን እንዳስፈለገህ አልጻፍክም። ለኢሪያው ከሆነ መጥተው በዓይናቸው ይዩ በላቸው።

ይርሳው


ቂርያት ማላኪ፣ እሁድ ጁን 18 ቀን 2023

ለወርቅነህ

ደብተሩ በካሪን እጅ በታሸገ ፖስታ መጣልኝ። ከውስጡ ደብዳቤ ፈለግሁ፤ የለም።

ከሊጉ ኮሚቴ ፊት የሆነውን የነገረችኝ የምሥራች ናት፤ ከሥራ ቀርታ ሄዳ ነበር። ጠበቃህ ዴቪር ደብተሬን ከፍ አድርጎ ይዞ «በሁለት ዓመት የሰንበት ጨዋታዎች አንድ ደጋፊ እንኳ አልተመዘገበም» አለ። ቀጥሎም የሜይ ሰባቱን ደብዳቤዬን አስተርጉሞ አነበበ፤ «የሰንበቱን ጽፌ የያዝኩት የለም» የምትለዋን። የምሥራች ከኋላ ተነሥታ «ሰውዬው እኮ ሻባት ላይ አይጽፍም» አለች። ሰብሳቢው ማስረጃ ጠየቋት፤ የላትም። ደጋፊ የሌለው ቡድን ሜዳ ቢቀይር የሚጎዳ ሰው የለም ተብሎ ፈቃዱ ተሰጠህ።

አንተ ከዴቪር አጠገብ ተቀምጠህ ነበር። ጫማህን ስታይ ነበር አለችኝ።

አልቆጣህም፤ የሆነውን ብቻ ልጻፍ። ባዶዎቹ ዓምዶች ለምን ባዶ እንደሆኑ በማርች ደብዳቤዬ ጽፌልሃለሁ። ዴቪር አያውቅም፣ ሰብሳቢውም አያውቁም፣ አንተ ታውቃለህ።

የእኔን ጥፋት ደግሞ ልናገር። ገዴራ ላይ ቶሎ ተቀመጥን። «ያለ እናንተ የማደርገው የለም» ማለት «አላደርገውም» ማለት እንዳልሆነ ቆሜ ሳለሁ ማስተዋል ነበረብኝ። በሜይም አንድ ቁጥር ብሰጥህ ኖሮ ያ ወረቀት ሌላ ነገር ይናገር ነበር። ደንቤን ጠበቅሁ ብዬ ሰዎቼን አስወጣሁ።

ስለዚህ ደንቤን አፍርሼአለሁ። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ቤቴ በር አልተዘጋም። ደጋፊዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ የትኛውን ሰንበት እንደነበሩ፣ ከማን አጠገብ እንደተቀመጡ ነገሩኝ። አንድ ስም ለመጻፍ ሁለት ምስክር ጠይቄአለሁ። አንዱ ሰውዬ ሚስቱን ምስክር አድርጎ ሲያመጣ «ይኼ እንኳ ሰንበት ሰንበት የት እንደሚውል ዛሬ ገና አወቅሁ» ብላ አሳቀችን። ከሃያ ስድስቱ ጨዋታዎች ሃያ ሦስቱ ሞልተዋል። ሦስቱን እርግጠኛ ስላልሆንኩ ባዶ ተውኳቸው። ከሞላሁት ውስጥ ከአርባ ሰው ያነሰበት ሰንበት የለም።

ኮሚቴው እስከ ጁላይ 2 ቀን ይግባኝ ይቀበላል። የምሥራች «ያላ መምህር፣ ገጹን በስልኬ ላንሣውና አሁኑኑ ልላከው» ብላኛለች። ከለከልኳት። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር የተማሪ ስሕተት በገዛ እጄ አርሜ አላውቅም። በቀይ አስምሬ ደብተሩን እመልሳለሁ፤ የተሳሳተው ያርማል። ሌላ ሰው ያረመለት ልጅ ያንኑ ይደግመዋል። ለኮሚቴው ያቀረብከው አንተ ነህ፤ የምታስተካክለውም አንተ ነህ።

ደብተሩ ከዚህ ጋር አለ። ባዶ በነበሩት ዓምዶች ላይ በቀይ ያሰመርኩበትን ታየዋለህ። ጊዜው ሁለት ሳምንት ነው።

ይርሳው


ያቭነ፣ ጁን 26 ቀን 2023

የተከበሩ መምህር፣

ደብተሩ ደርሶኛል። ለዴቪር ሰጥተኸዋል ወይ ላሉኝ፣ ገና ነው። ጥቂት ቀን ይታገሡኝ። ስልክ ያላነሣሁት ንቄዎት አይደለም።

እናቴ አሟታል፤ ከባድ አይደለም። ስለ ደብተሩ አልነገርኳትም፣ እርስዎም ባይነግሯት ደስ ይለኛል።

ወርቅነህ


ያቭነ፣ ጁላይ 10 ቀን 2023

የተከበሩ መምህር ይርሳው፣

ጊዜው እንዳለፈ ያውቃሉ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ መጻፍ የማያስፈልግ ይመስል ይሆናል፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ደብተሩ ሁለቱንም ሳምንት መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ከፍቼዋለሁ። የጃንዋሪዋን ሰንበት አየሁ፤ ያችን ዝናብ የጣለባትን። አርባ አራት ስም ጽፈዋል። ትክክል ነው መምህር። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ስም ሲጠሩ እሰማ ነበር። «ወርቅነህ» ሲሉ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ነበር። አልወጣሁም፤ በመኪና በሰንበት መምጣቴን እንዳያዩ አፍሬ ነው።

ለምን አላቀረብከውም ለሚሉኝ፣ መልሴ ይኸው ነው። ያቭነ ሜዳ ሰጥተውኛል፣ አጥር ያለው፣ መብራት ያለው። እሱን ከለቀቅሁ ሻሃር አንድ ዓመት አይቆይም። ቂርያት ማላኪ ሞቶ ከሚቀር ያቭነ ቢኖር ይሻላል ብያለሁ። ምናልባት ተሳስቻለሁ። ግን ለአርባ ሰው ስል የሃያ አምስት ተጫዋች እንጀራ መዝጋት አልቻልኩም፤ አርባውም ሰው ሲሰድበኝ የከረመ ነው።

አንድ ነገር ግን ልደብቅዎ አልችልም። እርስዎ ራስዎ ይልኩታል ብዬ ነበር። የምሥራች ገጾቹን በስልኳ አንሥታለች ብዬ ነበር። በየጠዋቱ ካሪንን «ከኮሚቴው የመጣ ነገር አለ?» እላት ነበር። የለም ስትለኝ ደስ አይለኝም ነበር። ቢመጣ ኖሮ እጄን እሰጥ ነበር፣ ደግሞም አርፍ ነበር። እርስዎ ግን እኔን ጠበቁ።

ከሴፕቴምበር ጀምሮ በየሰንበቱ ከቂርያት ማላኪ ሜዳ በር አውቶቡስ አቆማለሁ፤ ሄዶ መመለሻው በእኔ ነው። ላይኛው መደዳ ላይ ያለ ወንበር በስምዎ ተይዟል። እርስዎ በሰንበት እንደማይሳፈሩ አውቃለሁ። ሌላ የምሰጠው ነገር ስላጣሁ ነው።

ደብተሩን አብሬ ልኬአለሁ። ያሰመሩበትን አልነካሁም።

ወርቅነህ


ቂርያት ማላኪ፣ እሁድ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2023

ለወርቅነህ

ሁለት ወር ሙሉ ስላልመለስኩልህ ይቅርታ አድርግልኝ። ከጁላዩ በኋላ የላክሃቸው ሁለት ደብዳቤዎችም ደርሰውኛል። ታምሜ አይደለም። ምን እንደምጽፍ አላወቅሁም ነበር፤ ሳላውቅ መጻፍ ደግሞ ልማዴ አይደለም።

ስለ እናትህ ለጠየቅኸኝ፣ ባለፈው ሰኞ ገዴራ ሄጄ ጠይቄአታለሁ። ደኅና ናት። ስለ ደብተሩ እኔ አልነገርኳትም፤ ከሰው ሰምታለች። ያን ቀን ሦስታችን የተቀመጥንባቸውን ወንበሮች ለጎረቤት ሰጥታቸዋለች። እኔን አልጋዋ ላይ አስቀመጠችኝ። ስለ አንተ ክፉ ቃል አልተናገረችም። «ሥራ በዝቶበት ነው» አለች፣ ሁለት ጊዜ። ሂድና እያት፤ ይህን የምልህ ስለ ኳስ አይደለም።

ስለ ደጋፊዎቹ ጠይቀኸኛል። የጁላይ ደብዳቤህን ለማንም አላነበብኩም። ጊዜው እንዳለፈ ግን ሰበሰብኳቸውና ደብተሩ የት እንደነበረ፣ ለምን እኔው እንዳልላክሁት ነገርኳቸው። ማንም አልጮኸም። የምሥራች ብቻ ተነሥታ «መምህር፣ እሱ እኮ ሦስተኛ ክፍል አይደለም። ሃምሳ ዓመቱ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። እኔ ሠላሳ ዓመት የያዝኩትን ደንብ እሷ በአንድ ዐረፍተ ነገር አረመችው።

ትናንት የሆነውን እነሆ። ያቭነ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታችሁ ነበር፤ እንዳሸነፋችሁ ዛሬ ጠዋት ሰምቻለሁ። እኔ እንደ ወትሮው በዘጠኝ ሰዓት ተነሥቼ ወደ ሜዳ ሄድኩ። ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም። ብቻዬን እሆናለሁ ብዬ ነበር፤ ሠላሳ ስምንት ሰው አገኘሁ። ማንም ማንንም አልጠራም። በሩ በሰንሰለት ታስሯል፤ የወደቀው አጥር ግን እንደወደቀ ስለሆነ በዚያ ገባን።

አውቶቡስህ መጥቶ ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ሃያ ደቂቃ ጠበቀ። አራት ወጣቶች ተሳፈሩ። እያፈሩ ሲያዩኝ «ሂዱ፣ ቡድናችሁ ነው» አልኳቸው። የቀረነው ትሪቡን ወጣን። ሌሎቹ ተቀመጡ፣ እኔ ቆምኩ። ከስምንት ዓመት በፊት ዋሱ እኔ ነኝ ብዬ ነበርና።

የምሥራች ጉልበቴን ስለምታውቅ «ይቀመጡ እንጂ መምህር» አለች።

«አልቀመጥም።»

«ጨዋታ የለም እኮ። ደክሞዎት ቢወድቁ ማን ተቀይሮ ይገባልዎታል?»

«ዘጠና ደቂቃ ነው፤ እችላለሁ» አልኳት። መጥታ አጠገቤ ቆመች። በኋላ ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ ተነሡ። ሣሩ ደርቋል፤ አንድ ድመት ከመሐል ክቡ ተኝታ ነበር። ማንም አልዘፈነም። ልለምናቸው እጄን ማንሣት አላስፈለገኝም።

ፉጨት በሚነፋበት ሰዓት በቃሌ ስም ጠራሁ። አንደኛው የአንተ ነው። «ወርቅነህ» አልኩ። ደግሜ ጠራሁ። የምሥራች፣ ያለ ቁጣ፣ ልክ እንደ ክፍል አለቃ «ቀሪ» አለች። ወደ ሁለተኛው ሄድኩ፤ እሱ የራሴ ነው። «አለሁ» አልኩ። እንዲህ እያልን ስድሳ ሦስቱንም ጨረስን።

ዛሬ እሁድ ጠዋት ከትዝታ ጻፍኩት። ከእንግዲህ በየእሁዱ እንዲህ አደርጋለሁ፤ የምሥራችም ከአጠገቤ ተቀምጣ ትመሰክራለች። ለምን ቡድን እንደምንጽፍ ጠየቀችኝ። ለጊዜው የቡድኑን ስም ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ።

አሁን ስለ ስምህ ለጠየቅኸኝ። አልሰረዝኩትም። ከዚህ መዝገብ በሞት ካልሆነ ስም ተሰርዞ አያውቅም። አንደኛ እንደሆንክ ነህ፤ በትናንቱ ዓምድ «ቀሪ» ብዬ ጽፌብሃለሁ። በሰማያዊ ነው የጻፍኩት። ቀዩ ታርሞ እንዲመለስ ለምጠብቀው ብቻ ነው፣ ያንተን አልጠብቅም።

ዛሬ በቀይ ያሰመርኩት ከሥርህ ባለው ስም ላይ ነው፤ በራሴ።

ይርሳው